ቤት ሲተኛ ሶኬትም ይተኛል

«ይሄ አይደል እንዴ ሰው የገደለው ሱቅ?» አለች አንዲት ሴት ለባሏ፣ ያንሾካሾከች መስሏት። ባልየው በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አስገብቶ ነበር። «ማን ነው ያለሽ?» አላት። «ባለፈው ቅዳሜ እናትየዋ እዚሁ በር ላይ ሆነው ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የተበላሸ ባትሪ ሸጦለት ነው አሉ ልጃቸው መኪና ውስጥ እንደተኛ የቀረው።» ባልየው ወደ ውስጥ አየት አደረገ፣ ከባለሱቁ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨ፣ እግሩን መልሶ አወጣና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ሰው እንዲህ ነው፤ ሲያማ ይሉኝታ የለውም፣ በር ሲዘጋ ግን ጨዋ ይሆናል።

አንዲት ልብስ ሰፊ ሱቁ ውስጥ ባንኮኒውን ተደግፋ ይህን ሁሉ ሰማች። ሴትዮዋ «እናትየዋ» ያለቻት የልብስ ሰፊዋ እናት ናት። የሞተው ወንድሟ ነው። ባትሪው ተበላሽቷል የሚለውን ወሬ የፈጠረችው ደግሞ ራሷ ናት፤ የዛሬ ዓመት ገደማ ወጥ ቤት ቆማ ለአንድ ሰው ብቻ የተናገረችው ውሸት ነበር። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን ዓመት አድሮ፣ ከብዶ፣ ሱቅ በር ላይ ጠበቃት። እናቷ ቅዳሜ ከሰዓት ሁሌም ሻርፗን ጣል አድርጋ «የድሮ ጎረቤቴ ጋ ደርሼ ልምጣ» ብላ ትወጣለች። የድሮ ጎረቤቷ ማን እንደሆነች ልጅቷ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም፤ እናትየዋን ከቤት የሚያወጣ ነገር በመገኘቱ ብቻ ደስ ይላት ነበር።

የመጣችው ባትሪ ልትገዛ ነው። በዚያ ሳምንት እናቷ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ «ዓመቱ ሳይሞላ እዚያ ቦታ አንድ ሌሊት ማደር እፈልጋለሁ። በእሱ መኪና። ውሰጂኝ» አለቻት፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። መኪናው ከዚያ ወዲህ ግቢ ውስጥ በሸራ እንደተሸፈነ ነው፤ ሁለቱም ሲወጡ ሲገቡ ዞር ብለው ያልፉታል። ሐይቁ ዳር ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ እናቷ ደግሞ በበጋም ካልሲ የማታወልቅ ሴት ናት። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል፤ ለብርድ ልብሱ ደግሞ መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ትልቅ ባትሪ። ይህን ሱቅ ዓመት ሙሉ መንገድ እየቀየረች ስትሸሸው ከርማለች። ዛሬ ግን እግሯ እዚሁ አመጣት፤ የዚህ ሰው ዕቃ ደህና መሆኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለምና።

ሱቁ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የፀሐይ ብርሃን መሰብሰቢያ ሰሌዳዎች እንደ በር ተደርድረው ቆመዋል፤ በሌላው በኩል ባትሪዎቹ፣ እጀታ ያላቸው ሳጥኖች፣ ከትንሹ እስከ ትልቁ። አንዳንዶቹ ላይ አቧራ አርፏል። ባለሱቁ ከሃምሳ የማያንስ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚረሳ ሰው ነው። ባልና ሚስቱ ሲመለሱ አይቷል፤ የተናገሩትንም ሳይሰማ አልቀረም፤ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ የጸዳውን መስታወት ደግሞ ይወለውል ጀመር።

«ምን ልታስነሺበት ነው እህቴ?» አላት።

«መኪና ውስጥ ለማደር ነው።»

«እሱን ሁሉም ይለኛል። ምን ይሰካበታል? ማንቆርቆሪያ የምትሰኪበት ከሆነ ይቺን አልሰጥሽም። ሁለት ነገር ነው የሚታየው። አንዱ የሚይዘው ነው፣ እንደ በርሜል። ሌላው በአንዴ የሚሰጠው ነው፣ እንደ ቧንቧው አፍ። በርሜሉ ትልቅ ሆኖ አፉ ጠባብ ከሆነ ማንቆርቆሪያው ገና ሲሰካ ያጠፋዋል። አፉ ሰፊ ሆኖ በርሜሉ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ውሃው ሳይፈላ ያልቅብሻል።» ሲያስረዳ ድምፁ ሞቅ አለ፤ ከሰው ጋር ካወራ የቆየ ሰው ይመስላል። ከባዱን አነሳላት፤ ዕድሜው ረጅም ነው። ቀላሉን አነሳላት፤ ለመሸከም ይመቻል። ከግድግዳ ሶኬት እንደሚሞላ፣ እየነዱ ከመኪናው የሲጋራ መለኮሻ ሶኬትም ቀስ እያለ እንደሚሞላ፣ ከፀሐይ ደግሞ እንደ ሰማዩ ፈቃድ እንደሆነ ነገራት። «ብርድ ላይ የያዘውን ሁሉ አይሰጥሽም፤ ከዚያ ላይ ቀንሰሽ አስቢ። ደግሞ ገመዱን አትመኚ። ገመድ ተሰካ ማለት ሞላ ማለት አይደለም። ከመነሳትሽ በፊት ቁጥሩን አይተሽ ተነሺ።»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከባትሪው አላነሳችም። «የሚሰካው ብርድ ልብስ ነው» አለች። «የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ። አንድ መብራትም።»

ባለሱቁ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አያት። «እዚሁ ቆሞ እንዲሁ ብሎኝ ነበር» አለ፣ «ብርድ ልብስና አንድ መብራት። የወፌ እህት ነሽ?»

ወፌ የቤት ስሙ ነው። ሕፃን ሳለ እግሩ ዘገየ፤ «ወፌ ቆመች፣ ወፌ ቆመች» እያሉ ሲያባብሉት ከርመው በመጨረሻ ሲቆም ቃሉ ስሙ ሆኖ ቀረ። አድጎ እውነትም ወፍ ተከታይ ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ቁልፍ ሲቀርጽ ይውላል፤ ዕረፍቱን ሐይቁ ዳር፣ መኪናው ውስጥ ያድራል፤ ወፎቹ ጎህ ሲቀድ ሲነሱ ፎቶ ያነሳል። ልጅቷ ይህን ስም በባዕድ አፍ ሰምታው አታውቅም። ባለሱቁ ስሙን ከየት እንዳገኘው ልትጠይቀው ስትል እሱ ወደ ጓዳ ገብቶ አንድ ባትሪ አቅፎ መጣ። ጎኑ ላይ በጥቁር ቀለም «የወፌ ነው፣ አይነካም» ይላል። የወንድሟ የእጅ ጽሑፍ።

«እናትሽ መጀመሪያ የመጡ ዕለት ደጃፌ ላይ ወርውረውት ሄዱ» አለ። «ጠገንኩት እንዳልል ምንም የለውም። ባዶ ነበር፤ ሰካሁት፣ ሞላ። እንዲህ ያለ ዕቃ ባዶውን ከተቀመጠ ይሞታል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ግማሽ ድረስ እየሞላሁ አስቀመጥኩት። የሰው አደራ ነው ብዬ።» ቁልፉን ተጫነው። አርባ ስምንት የሚል ቁጥር በራ። ልጅቷ አለቀሰች፤ በወንድሟ ቀብር ላይ እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። ሰውዬው ጨርቁን ሊሰጣት ዘረጋ፣ መስታወት የወለወለበት መሆኑ ትዝ ሲለው መለሰው።

እናትየዋ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምትመጣ፣ በሩ አጠገብ ቆማ ለሚገባው ሁሉ «ልጄን የገደለው ይሄ ሰው ነው» እንደምትል፣ እሱም ቆማ እንዳትደክም ወንበር እንደሚያወጣላት ነገራት። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ትረግመዋለች። «ለምን አልመለስክላትም?» ስትለው ትከሻውን ሰበቀ። «እናት ናቸው። ልጅ ከሞተባቸው እናት ጋር ምን ክርክር አለ? እኔስ እችለው ነበር። ግን ሴት ልጅ አለችኝ፤ ትምህርት ቤት ‹የገዳዩ ልጅ› ይሏታል። አሁን ከእኔ ጋር ሱቅ አልመጣም አለች። ባትሪውን ውሰጂ፣ ምንም አልፈልግም። እውነቱን ብቻ ንገሪያቸው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ከሰዓት ይመጣሉ።»

ታክሲ ውስጥ ባትሪውን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሄደች። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው «ሬዲዮ ነው?» ሲላት «አዎ» አለችው። መዋሸት ለምዶባታል። እንዴት ብላ እንደምትጀምር መንገዱን ሙሉ ብታስብ ምንም አልመጣላት። አንድ ነገር ብቻ ግልጽ ነበር፦ እናቷ ሻርፗን ለብሳ ከመውጣቷ በፊት መናገር አለባት፤ ካልተናገረች ያ ሰውዬ ዛሬም ወንበር ያወጣል።

የቤቱ ነገር እንዲህ ነው። ሁለት ክፍልና አንድ ኮሪደር፤ ወጥ ቤቱ ስለሚጠብ ማቀዝቀዣው ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፣ ከጎኑ አንድ ሶኬት አለ። እናትየዋ ወጣት ሳለች ጎረቤቷ ካውያ ሰክታ ተኝታ ቤቱ ከነልጆቹ ሲነድ በዓይኗ አይታለች። ከዚያ ወዲህ የእሷ ቤት ሕግ አንድ ነው፦ ቤት ሲተኛ ሶኬትም ይተኛል። ሁሉም ሲያንቀላፋ እየዞረች ትነቅላለች፤ ቴሌቪዥን፣ ስልክ፣ የልጇን የልብስ ስፌት መኪና መብራት። ልጆቹ አድገው ሲስቁባት ጊዜ ግን ዘዴ ፈጠረች። ሰው ሳይነቃ ተነስታ ሁሉንም በየቦታው መልሳ ትሰካለች። ማንም አያውቅም፣ ማንም አይነዘንዛትም። ልብስ ሰፊዋ ይህን ካወቀች ቆይታለች፤ ሲመሽ የሰካችው ስልክ ጠዋት ግማሽ ሆኖ ስታገኘው ፈገግ ብላ ትተወዋለች። ወፌ ግን የዋህ ነበር፤ «ስልኬ አረጀ» ይል ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ሊሄድ ዋዜማም ባትሪውን ባዶውን አመጣና ከማቀዝቀዣው ጎን ሰካው። ሌሊቱን ሙሉ ካልተሰካ የማይሞላ ነው። ጠዋት ሳይነጋ ሲነሳ ገመዱ እንደተሰካ አገኘው፤ ነቀለው፣ መኪናው ላይ ጫነው፣ ሄደ። ቁጥሩን አላየም። የዚያኑ ዕለት ሌሊት ሐይቁ ዳር ብርድ ልብሱ ጥቂት አሞቀውና ጠፋ። ሥጋ ሊጠብስባት የያዛትን ትንሽ የከሰል ማንደጃ መኪናው ውስጥ አስገብቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ ተኛ። ዓሣ አጥማጆች ናቸው ያገኙት። ፖሊስ ዕቃውን ሲመልስ ልብስ ሰፊዋ ባትሪውን ክፍሏ ወስዳ ሰካችው፤ ቁጥሩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ወጣ። ያኔ ሁሉ ነገር ገባት። ወጥ ቤት ሄዳ እናቷን «ባትሪው ተበላሽቶ ነው። ያልሆነ ዕቃ ሸጠውለት» አለቻት። እናትየዋ «እሺ» አለች። ባትሪውን ይዛ ወጣችና ባዶ እጇን ተመለሰች። «ጣልኩት» አለች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ስለ ጨው፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ጣሪያው ፍሳሽ ይወራል እንጂ ስለ ሶኬት አይወራም። እናትየዋ ግን አሁንም ሌሊት ትነቅላለች፤ ጠዋት መልሳ መሰካቱን ብቻ ትታለች።

ስትደርስ እናቷ መኝታ ቤት ነበረች። ልጅቷ ባትሪውን ከማቀዝቀዣው ጎን፣ ድሮ የነበረበት ቦታ ላይ አስቀምጣ ሰካችው። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ሌላ ቦታ መሰካት ትችል ነበር፤ እጇ ግን እዚያው ወሰዳት። እናትየዋ ሻርፗን እያስተካከለች ከመኝታ ቤት ወጣች። «ምሳ ከድስቱ ውስጥ አለልሽ፤ እኔ የድሮ ጎረቤቴ ጋ…» ብላ ጀመረችና ኮሪደሩ መሃል ቆመች። «የወፌ ነው፣ አይነካም» የሚለውን አነበበች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ማቀዝቀዣው ድምፁን አሰምቶ ዝም አለ።

«ይሞላል?» አለች።

«ይሞላል።»

«ያኔም ይሞላ ነበር?»

ልጅቷ ግድግዳውን ተደገፈች። «ያኔም ይሞላ ነበር፣ እማዬ። ዋሽቼሽ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች እናትየዋ።

ኮሪደሩ ላይ ያለችው በርጩማ አንዲት ናት፤ እሷ ላይ ቁጭ አለች። ስትናገር የምታየው መብራቷን እንጂ ልጇን አልነበረም። «ይቺ ናት። እንዲህ ብልጭ ድርግም ስትል ሌሊት አየኋትና ፈራኋት። ነቀልኩት። ሊነጋጋ ሲል መልሼ ሰካሁት፣ እንደ ልማዴ። እሱ ሲነቅለው አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ‹ልጄ፣ እሱ እኮ አልሞላም› ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ‹እማዬ ደግሞ ጀመረች› ብሎ ይስቅብኛል ብዬ ተውኩት። እንዳይሳቅብኝ ብዬ ነው።» እጇን ጉልበቷ ላይ አሸች። «አሁን ማታ ማታ በሩ ሲከፈት እሰማዋለሁ። ያን ገመድ ሲጠቀልል እሰማዋለሁ። ‹አልሞላም› እለዋለሁ። ጮኼ እለዋለሁ። አይሰማም፤ ይሄዳል።»

ልጅቷ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እሷም ማታ ማታ ያን ጩኸት በግድግዳው በኩል ሰምታ ታውቃለች፤ ቅዠት ነው ብላ ትራሷን ጆሮዋ ላይ ታደርግ ነበር። «ታዲያ ያ ሰውዬ ምን አደረገሽ?» አለች።

«እሱ ካልሆነ ማን ልበል?» አለች እናትየዋ። «ተበላሽቷል ስትዪኝ ፊትሽን አየሁት። እኔን ልታድኚ ነው እንዲያ የሆንሽው። እሺ አልኩሽ። እሺ ካልኩ በኋላ የሚረገም ሰው ያስፈልጋል። ያን ዕለት ተናድጄ ባትሪውን ይዤ ባልወጣ ማወቄን ትጠረጥሪ ነበር። ከዚያ ለመደብኝ። እዚያ በር ላይ ቁጭ ብዬ ሳወራ፣ ለዚያች ሰዓት ብቻ፣ እውነት ይመስለኛል። ቤት ስመለስ ይጠፋል። ቅዳሜ እስኪደርስ እጠብቃለሁ።»

አንዷ ለሌላዋ ስትል ዝም ያለችው ነገር በመካከላቸው ተኝቶ ዓመት ከርሟል፤ ሁለቱም የተሸከሙት ሸክም ለካ አንድ ነው። ልጅቷ እናቷን ማቀፍ ፈለገች፣ ግን የቀረውን ሳትናገር ማቀፍ ማታለል መሰላት። «ሴት ልጅ አለችው» አለች። «ትምህርት ቤት ‹የገዳዩ ልጅ› ይሏታል። ከአባቷ ጋር ሱቅ መሄድ ትታለች።»

ቁጥሩ አርባ ዘጠኝ አለ፤ ኋላም ሃምሳ አለ። ከዚያ እናትየዋ ተነሳች፣ ሻርፗን አጠበቀች። «ተነሽ» አለች። «የት?» ብትላት «ቅዳሜ አይደል እንዴ?» አለቻት። በሩ ጋ ደርሳ ደግሞ ተመለሰች። ቤት ባዶ ሲሆን አንድም ነገር እንደተሰካ ትታ ወጥታ አታውቅም። ልጅቷ ልትነቅለው ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እናትየዋ ጎንበስ አለች፣ ሶኬቱን በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ እስከ መጨረሻው መግባቱን አረጋገጠች፣ ቀና አለች፣ ወጣች። በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ያህል ዞር ብላ ወደ ቤቱ አየች፤ ጭስ እንደሆን ብላ ነው።

ባለሱቁ በመስታወቱ አሻግሮ ሲያያቸው እንደ ልማዱ ወንበሩን ይዞ ወጣ፣ በሩ አጠገብ አስቀመጠና ምንም ሳይል ገባ። እናትየዋ አልተቀመጠችም። አንድ የአናጺ ልብስ የለበሰ ሰውዬ መጣ። እጁን ወደ በሩ ዘረጋ።

«ግባ ልጄ» አለች እናትየዋ፣ በየቅዳሜው በምትናገርበት በዚያው ድምፅ። «የዚህ ሰው ዕቃ ደህና ነው። ልጄ የሞተው በእሱ ዕቃ አይደለም። ሌሊት ተነስቼ ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

ሰውዬው ግራ ገብቶት አያት። «እኔ እኮ አምፖል ልገዛ ነው፣ እማማ» ብሎ ገባ።

ቀጥላ ለመጣችው ሴትም እንዲሁ አለቻት። ሴትዮዋ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብላ አለፈች። ከዚያም ለአንድ ሽማግሌ፤ እሱ መስሚያው ስለደከመ ደግማ ነገረችው። እያንዳንዱ ጊዜ ያንኑ ቃል፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። ባለሱቁ በሩን ከፍቶ ወጣ። ዓመት ሙሉ እርግማኑን ዝም ብሎ የሰማ ሰው ይህንን ሊችለው አልቻለም። «ይበቃል እማማ» አለ። «ሰማሁ። ከዚህ በኋላ አይምጡ። ለራስዎ ይዘኑ።»

«ዓመት ሙሉ ነው የበደልኩህ» አለችው። «ዓመት ሙሉ እመጣለሁ። የነገርኳቸው ሁሉ በዚህ ያልፋሉ፤ አንዱም ሳይቀር ይሰማኛል። ሴት ልጅህን ደግሞ ንገራት፣ በሩ ላይ ማን ቁጭ እንዳለ መጥታ ትይ። ለራሴ የማዝነውን ነገ ሐይቁ ዳር አደርገዋለሁ።»

ባለሱቁ ወንበሩን አየ፣ ልብስ ሰፊዋን አየ፣ ገባ። ሲመለስ ሁለተኛ ወንበር ይዞ ነበር። ልጅቷ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ዘንበል ስትል እነዚያ የጠዋቶቹ ባልና ሚስት በማዶው የእግረኛ መንገድ ሲያልፉ ታዩ። ሴትዮዋ እናትየዋን አይታ ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። እናትየዋ በእጇ ጠራቻቸው፤ ለጨዋነት ሲሉ መንገዱን ተሻግረው መጡ። «ሌሊት ተነስቼ ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለቻቸው።

«ውሸቱን የፈጠርኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ።